የፈነዳውን የራዲያተር ቱቦ ብቻ ልቀይር ወይስ ሁሉንም?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በፈረንጆቹ 1986 የተሰራች ኮሮላ ዲኤክስ ከአባቴ ወርሻለሁ። ባለፈው ከሸዋ ሮቢት ስመለስ የጣርማ በር ዳገት ላይ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ፈነዳ። በላስቲክ ጠቅልለን፣ ውሃ እየጨመርን ቤት ደረስን። አንዱ መካኒክ የፈነዳውን ብቻ ቀይሪ ይለኛል። ሌላው ሞተሩ ላይ ያለ ጎማ ሁሉ ይቀየር ይላል። የቱን ልስማ? እኔ ራሴስ ልሰራው እችላለሁ?»

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ቤትሽ ገባሽ። ያን ዳገት በደንብ አውቀዋለሁ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማ በር ስትደርሺ 3,000 ሜትር አልፈሻል። ያን ሁሉ ሽቅብ መኪናዋ በከባድ ማርሽ እየታገለች ነው የምትወጣው። የደከመ ቱቦ ካለ ጉዱ የሚወጣው እዚያ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሁለተኛውን መካኒክ ስሚ። ሁሉም ይቀየር። በአንድ ቀን ግን መሆን የለበትም። የፈነዳው ዛሬውኑ ይቀየራል፣ መኪናዋ ያለሱ አትሄድም። ከእሱ ቀጥሎ ተራው የቤንዚን ቱቦዎቹ ነው። የቀሩት የውሃ ቱቦዎች ይከተላሉ። ቀጫጭኖቹ የአየር ቱቦዎች መጨረሻ ላይ ይምጡ። አብዛኛውን ራስሽ ልትሰሪው ትችያለሽ።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጪልኝ። ውሃ እየጨመራችሁ መምጣታችሁ አስግቶኛል። የዚህች መኪና ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማለቴ ነው፣ አሉሚኒየም ነው። ከስሩ ያለው ብሎክ ደግሞ ብረት። ሁለቱ በሙቀት እኩል አይለጠጡም። ሞተሩ ከልክ በላይ ከጋለ ቴስታታው ይጣመማል፣ መሃላቸውን የሚያሽገው ጓርኒሲዮንም ይበላሻል። ስለዚህ ቱቦው እንደተቀየረ፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺና ውሃውን እስከ አፉ ሙዪ። ሞተሩን አስነሺና አፉን ተመልከቺ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢወጣ አየር ነው። ያለማቋረጥ እየተንፎለፎለ ከቀጠለ ግን ከሲሊንደሩ የሚሾልክ ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። የዘይት መለኪያውንም አውጥተሽ እዪ። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሎታል። ነጭ ጭስ ብቻውን አያስደንግጥሽ። በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ጠዋት ሁሉም መኪና ነጭ እንፋሎት ይተነፍሳል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ነው ችግሩ። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ሌላ ቱቦ መግዛቱን አቆዪው። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት መታየት አለበት።

ደህና ከሆነ እንቀጥል።

«ውሃ ትንሽ ቢያንጠባጥብ ምን አለበት፣ እጨምርበታለሁ» የሚል ሰው በየቀኑ ይገጥመኛል። ቆላ ላይ ለጥቂት ቀን ያስኬድ ይሆናል። ደጋ ላይ አያስኬድም። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ ገና 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። የሞተርሽ ቴርሞስታት፣ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር፣ የሚከፈተው ደግሞ 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ በደህናው ቀን ራሱ ወደ 90 ተጠግቶ ይሰራል። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይፈላም? ክዳኑ ስላፈነው ነው። የራዲያተርሽ ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታገኚያለሽ። ውስጥ ያለው ግፊት 0.9 ባር እስኪደርስ ክዳኑ አይለቅም ማለት ነው። ውሃው በዚያ ግፊት ታፍኖ ደብረ ብርሃን ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል።

ቱቦው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ስንጥቅ ካለችው ይህ ሁሉ ይቀራል። የሾለከው ውሃ አንድ ሲኒ ላይሞላ ይችላል። ግፊቱ ግን አብሮት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ራዲያተርሽ እንደ ክፍት ድስት ነው፣ ውሃው በ90 ዲግሪ ይፈላል። ለዚህ ነው ቱቦ ስትቀይሪ ክዳኑንም አብረሽ ቀይሪ የምለው። ርካሽ ነው። የጎማ ቀለበቱ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ አዲስ ቱቦ ብቻውን አይረዳሽም።

«የፈነዳውን ብቻ» የሚለውን ምክር የማልቀበልበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የሞተር ቱቦዎች አንድ ላይ ያረጃሉ። ሁሉም ያንኑ ሙቀትና ያንኑ ውሃ ነው የጠጡት። አንዱ ፈነዳ ማለት የቀሩት ተራቸውን እየጠበቁ ነው ማለት ነው። ደግሞ ደካማው ሲቀየር ግፊቱ ሙሉ ይሆናል። ያን ጊዜ ቀጣዩ ደካማ ይለቃል። አንድ ደንበኛዬ የላይኛውን ብቻ አስቀይሮ በሁለተኛው ወር ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ የለቀቀው ከማኒፎልዱ ስር የተደበቀው፣ ጣት የሚያህል አጭር ቱቦ ነበር። ሙቀት መለኪያውን ሳያይ ትንሽ ነዳና ቴስታታው ተጣመመ። የዚያች አጭር ቱቦ ዋጋ ከቴስታታው ሥራ ጋር ጨርሶ አይወዳደርም።

አብዛኛው ሰው ቱቦን የሚፈትሸው በዓይኑ ነው። ከላይ ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ «ገና ነው» ይላል። የራዲያተር ቱቦ ግን ብዙ ጊዜ የሚያረጀው ከውስጥ ነው። የራዲያተሩ ብረት፣ የሞተሩ ብረትና መሃላቸው ያለው ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ እንደ ደካማ ባትሪ ይሰራሉ። ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ የቱቦውን ውስጠኛ ግድግዳ በቀጫጭን ስንጥቅ ትበላዋለች። ውሃው በስንጥቁ ይገባና ላስቲኩ መሃል የተሸመነውን ክር ያገኛል። ክሩ ሲዳከም ቱቦው ግፊት መቋቋም ያቅተዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውጪው ምንም አይታይበትም።

ስለዚህ በእጅሽ ፈትሺ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ቱቦውን በሁለት ጣት ጨምቂው። መጀመሪያ መሃሉን፣ ከዚያ ጫፉን፣ ከማሰሪያው 5 ሳንቲሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ያለውን ቦታ። ጫፉ ከመሃሉ ይበልጥ የላሸቀ ከሆነ፣ ወይም ጣትሽ ስር ቦይ የመሰለ ነገር ከተሰማሽ፣ አልቋል። ሲጨመቅ ክርችክርች ካለም አልቋል። እንደ እንጨት የደረቀና አልታዘዝ ያለም እንዲሁ። እጅሽ ላይ የሚለጠፍና ያበጠ ከሆነ ዘይት ነክቶታል። የውሃ ቱቦ የሚሰራበት ላስቲክ ሙቀትና ውሃ ይችላል፣ ዘይትና ቤንዚን ግን አይችልም። እንዲህ ያለውን ካገኘሽ ዘይቱ ከየት እንደሚንጠባጠብ ፈልጊ። በአሮጌ ኮሮላ ላይ ብዙ ጊዜ ከቴስታታው የላይኛ ክዳን ጓርኒሲዮን ነው። እሱ ሳይዘጋ የገባ አዲስ ቱቦ ዕድሜ አይኖረውም።

አሁን ስለ ቤንዚን ቱቦ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የውሃ ቱቦ ቢፈነዳ መንገድ ላይ ትቆሚያለሽ። የቤንዚን ቱቦ ቢለቅ መኪናዋ ልትነድ ትችላለች። ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ነው የሚንጠባጠበው፣ አጠገቡ ደግሞ ብልጭታ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተርና የካንዴላ ገመድ አለ። መኪናሽ ቤንዚንና አየር በካርቡሬተር የምትቀላቅል ስለሆነች የነዳጁ ግፊት ትንሽ ነው፣ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ገደማ። ሰው በዚህ ይዘናጋል። ለእሳት ግን ጠብታ ይበቃል። ሌላም ነገር አለ። አገራችን ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ከኢታኖል ጋር ቀላቅላ ስትሸጥ ነበር፣ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሰራ ላስቲክ ኢታኖልን ታስቦ የተሰራ አይደለም። ቱቦዎቹ የአባትሽ ዘመን ከሆኑ እንዲህ ያለ ቤንዚን ሳያልፍባቸው አልቀረም።

ቤንዚን ቱቦው ላይ ሽታ፣ እርጥበት ወይም ጫፉ ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ካየሽ ነገ አትበዪ። ስትገዢ ቱቦው ላይ የታተመውን አንብቢ። ለካርቡሬተር መኪና ኤስኤኢ 30አር7 (SAE 30R7) የሚለው ይበቃል። 30አር9 (30R9) የሚለው ከፍተኛ ግፊት ላለው የኢንጀክሽን ሞተር ነው፣ ለአንቺም ይሆናል። የተገላቢጦሹ ግን አደጋ ነው። የአንቺን ዓይነት ቱቦ እንደ ቪትዝ ያለ ኢንጀክሽን መኪና ላይ የሚያስገባ ሰው ካየሽ አስቁሚው። እዚያ ግፊቱ 3 ባር ገደማ ነው። ምንም ያልታተመበትን ቱቦ፣ በተለይ የውሃ መቅጃ የመሰለውን ግልጽ ላስቲክ፣ በነጻም ቢሰጡሽ አትቀበዪ።

ስትሰሪ ግቢ ውስጥ፣ ክፍት ቦታ ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቺ። ሲጋራም ከሰልም አጠገብ አይኑር። ከታንከሩ የሚመጣውን ጫፍ በልኩ በሆነ ቡሎን ድፈኚው፣ አለበለዚያ ሊፈስ ይችላል። ከታንከር ወደ ፓምፕ የሚመጣው፣ ከፓምፕ ወደ ካርቡሬተር የሚሄደውና ወደ ታንከር የሚመለሰው ሦስቱም ይቀየሩ። የመመለሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፊልትሮውንም በዚያው ቀይሪ። ስትጨርሺ ባትሪውን መልሰሽ እሰሪ፣ ሞተሩን አስነሺና እያንዳንዱን መገናኛ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ጥረጊው። ጨርቁ ላይ እርጥበት ከታየ ወዲያው አጥፊ።

ወደ ውሃው ቱቦዎች ስንመለስ፣ ለመግዛት አዲስ አበባ ከሄድሽ መርካቶ ሶማሌ ተራ የዚህን ሞዴል ዕቃ የሚያውቁ ነጋዴዎች አሉ። አሮጌዎቹን ቱቦዎች ይዘሽ ሂጂ። የራዲያተር ቱቦ በቅርጽ ነው የሚሰራው። ቀጥ ያለ ቱቦ ገዝተሽ ብታጥፊው መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቃል፣ ውሃም አያሳልፍም። ውፍረቱን፣ የሁለቱን አፎች ስፋትና የጥምዝምዙን አቅጣጫ አስተያዪ። ያገለገለ ቱቦ በፍጹም አትግዢ። ያረጀውን ባረጀ መቀየር ነው። የታችኛው ቱቦ ውስጥ የሽቦ ስፕሪንግ ካለ አዲሱም እንዲኖረው ጠይቂ። የውሃ ፓምፑ ከታች በኩል ስለሚስብ ያለ ስፕሪንግ ቱቦው ሊጣበቅ ይችላል።

ስንት ቱቦ ነው? የላይኛው፣ የታችኛው፣ ወደ ማሞቂያው የሚሄዱት ሁለቱ፣ ያ አጭሩ የተደበቀው፣ ወደ ካርቡሬተሩ ሙቅ ውሃ የሚወስዱ ቀጫጭን ካሉም እነሱ። አንዳንድ አሮጌ መኪና ላይ ማሞቂያው ተዘግቶ ሁለቱ ቱቦዎች በአንድ ቁራጭ ተገናኝተዋል። የአንቺ እንዲያ ከሆነ ቁራጩም ይቀየራል።

ክዳኑን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ እንዳትነኪው። በዚህ የተቃጠለ ፊት አይቻለሁ። ሲቀዘቅዝ ሰፊ ሳፋ ከስር አድርገሽ ውሃውን አውርጂ። የማፍሰሻው ቡሎን ከዛገ አትታገዪው፣ የታችኛውን ቱቦ ፈትተሽ አፍስሺ። አሮጌ ቱቦ ራዲያተሩ አንገት ላይ ተጣብቆ ይይዛል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። ይዘሽ አትጠምዝዢው፣ በካቻቢቴም አትፈንቅዪው። የአሮጌ ራዲያተር አንገት በቆርቆሮ የተበየደ ቀጭን ነሐስ ነው፣ ይላቀቃል። ሥራ ስለምድ አንዱን እንዲያ ሰብሬ ሙሉ ቀን ብየዳ ቤት ቆሜአለሁ። በቢላ ቱቦውን ብቻ በቁመቱ ሰንጥቂውና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ላጪው። አንገቱን ሳትቧጭሪ።

አንገቱ ላይ የቀረውን ዝገትና ነጭ ቅርፊት በቀጭን ሸራ ወረቀት አጽጂ። አዲሱ ቱቦ እንዲገባልሽ ውሃ ወይም ትንሽ የሳሙና ውሃ ቀቢው። ግራሶና ዘይት አትንኪ። ሲሊኮን ማሸጊያም አያስፈልግም፣ ንጹህ አንገትና ጥሩ ቱቦ ራሳቸው ይዘጋሉ። ማሰሪያውን፣ ፋሼታውን ማለቴ ነው፣ ከአንገቱ ጉብታ ወደ ውስጥ አልፎ እንዲቀመጥ አድርጊ። ጉብታው ላይ ከተቀመጠ ይንሸራተታል። የፋብሪካው ስፕሪንግ ማሰሪያ ካልዛገና ጉልበቱ ካለ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ላስቲኩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እየተከተለ ይጨብጠዋል። በካቻቢቴ የሚጠብቀውን ካደረግሽ ደግሞ ላስቲኩ ጠርዝ ላይ እስኪያብጥ አታጥብቂ፣ ይቆርጠዋል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አንዴ እንደገና አጥብቂው።

ስትሞዪ የቧንቧ ውሃ ብቻ አታድርጊ። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ይሁን። «እኛ አገር በረዶ የለም» የሚሉሽን አትስሚ። ደብረ ብርሃን ላይ በህዳርና በታህሳስ ሌሊት አመዳይ ይወርዳል። ደግሞ ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ ቅድም ያልኩሽን ከውስጥ የሚበላውንም ያዘገየዋል። ያፈሰስሽውን አሮጌ ኩላንት ሜዳ ላይ አትተዪ። ጣፋጭ መርዝ ነው። ውሻም ልጅም ሊጠጣው ይችላል።

አየር ማስወጣቱን ግን አትቸኩዪበት። አዲስ ቱቦ ካስገቡ በኋላ ሞተር የሚያግሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጊ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን አስነሺ። የላይኛውን ቱቦ በጓንት እየጨመቅሽ ልቀቂ። አረፋ ይወጣል፣ ውሃውም ይቀንሳል፣ ትጨምሪያለሽ። የላይኛው ቱቦ በድንገት ሲጋል ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው። ያኔ ሙዪና ክደኚ። ክፍት አድርገሽ አታቆዪው፣ እናንተ ጋ ውሃው ቶሎ ይፈላል። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ከፍተሽ ካየሽ ትንሽ ወርዶ ታገኚዋለሽ። ያንን ሙዪው።

ቀጫጭኖቹ የአየር ቱቦዎች ቀላል ናቸው፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልጉት። መጀመሪያ በስልክሽ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሺ። ከዚያ አንድ አውጥተሽ አንድ አስገቢ። ሁለት አንድ ላይ አትፍቺ። ወደ ዲስትሪቢውተር የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ከተሰነጠቀች መኪናዋ ዳገት ላይ ትደክማለች፣ ቤንዚንም ትበላለች። ካርቡሬተር በኩል ያለውን ጫፍ ፈትተሽ በአፍሽ ሳቢና በምላስሽ ድፈኚው። ምላስሽ ላይ ተጣብቆ ከቆየ ደህና ነው። ወዲያው ከለቀቀ ቱቦው ወይም ዲስትሪቢውተሩ በኩል ያለው ቀጭን ላስቲክ ተቀዷል።

ከእነዚህ ውስጥ ወፍራሙ ወደ ፍሬኑ ሰርቮ፣ ፍሬን ስትረግጪ እግርሽን ወደሚያግዘው፣ የሚሄደው ነው። እሱን መካኒክ ቢቀይርልሽ ይሻለኛል። መሃሉ ላይ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። ተገልብጦ ከገባ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰርቮው መጀመሪያውኑ ያነሰ ጉልበት ነው ያለው። ከተቀየረ በኋላ ይህን ሞክሪ። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን አራት አምስት ጊዜ ርገጪ። እግርሽን ሳታነሺ አስነሺ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከሰመጠ እየሰራ ነው። ካልሰመጠ ወደ ጣርማ በር ቁልቁለት አትውረጂ።

የአረፋው ፍተሻ ምን እንዳሳየሽ ጻፊልኝ። ውሃው ሳይንፎለፎል ከቀረ፣ ቴስታታው ተርፏል፣ ቀሪው የቱቦ ሥራ ብቻ ነው።